ምዕራፍ ሰባት፦ ሳንቲሙ ምን ይገዛል?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን አስፋልት የያዘ መንገደኛ ደምበጫ ከመድረሱ በፊት አማኑኤልን ያገኛል። የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ ብዙዎቹ የጎጃም የመንገድ ዳር ከተሞች እዚህም ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ የሚያድረው በኪራይ ቤት ነው፤ መምህሩ፣ ነርሷ፣ የባንክ ቤት ልጁ፣ የወረዳው ባለሙያ። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ስድስት ክፍል ተደርድሮ፣ አንድ ቧንቧና አንድ የመብራት ቆጣሪ ለሁሉም። በእንዲህ ያለ ግቢ የኖረ ሰው የወር መጨረሻ ምን እንደሚመስል አይነገረውም። «ካውያ የሚሰካው ማነው?» ይባላል። «በዚህ ወር እኮ እኔ ግማሹን አልነበርኩም» ይባላል። ሒሳቡ በክፍል ቁጥር ይካፈላል፤ ሁሉም ይከፍላል፤ ሁሉም ቅር ይለዋል።

በዚህ ግቢ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገባ እንበል። አከራይዋ «በየተራ እጠቡበት፣ የመብራቱንና የውሃውን ትረዱኛላችሁ» አሉ። የመጀመሪያው ወር ደስ ይላል። ከዚያ አንዷ በሳምንት ሦስቴ ስታጥብ ሌላው በወር አንዴ መሆኑ መታየት ይጀምራል። አንዱ የወንድሙን ልብስ ጨምሮ አምጥቷል ተብሎ ይወራል። ያጠበ ሁሉ ስሙን እንዲጽፍ ደብተር በክር ይንጠለጠላል፤ እስክሪብቶው በሳምንቱ ይጠፋል፣ ደብተሩ ደግሞ ካላመኑበት ሰው ጋር ከመጨቃጨቅ አያድንም። እዚህ ላይ ትልቁ እንቅፋት ገንዘቡ አይደለም፣ ይሉኝታው ነው። አብሮ ቡና የሚጠጣ ጎረቤት «ያለፈውን እጥበት አልከፈልሽም» አይባልም። ሳይባል ይቀርና በሆድ ይያዛል።

የሳንቲም መቀበያ የሚባለው ዕቃ ለዚህ ችግር የተገኘ መልስ ነው። ማሽን ይሉኝታ የለውም። ያልከፈለውን አያስጀምርም፤ የከፈለውን ስሙን አይጠይቅም፤ ዝምድናም አይቆጥርም። ከማጠቢያው ጎን የሚገጠም፣ ዋጋው ከማጠቢያው ጋር የማይወዳደር ትንሽ ሳጥን ነው። ትንሽነቱ ግን ያታልላል። እሱን ለመግጠም የሚነሳ ሰው ሁለት ነገር አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ምን ዓይነት ሳንቲም እንደሚቀበልና ያ ሳንቲም ምን እንደሚገዛ። ሽቦው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሽቦው ነው።

ሐሳቡ መብራት ከመኖሩ በፊት የነበረ ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ሄሮን የተባለ ሊቅ በጻፈው የመሣሪያዎች መጽሐፍ ውስጥ ለቤተ መቅደስ በር የሚሆን የመንጻት ውሃ መቅጃ ገልጿል። የመጣው ሰው ባለ አምስት ድራክማ ሳንቲም በቀዳዳው ይጥላል። ሳንቲሙ ውስጥ ባለ ዘንግ ጫፍ ላይ ያርፍና በክብደቱ ያዘነብለዋል፤ በዘንጉ በሌላኛው ጫፍ ያለው መክደኛ ይነሳና ውሃው ይወርዳል። ዘንጉ ይበልጥ ሲያዘነብል ሳንቲሙ ተንሸራቶ ወደ ሣጥኑ ይወድቃል፣ መክደኛውም ይመለሳል። ሰውየው ለአንድ ሳንቲም የተመጠነ ውሃ ያገኛል፣ የበረኛውንም ፊት አያይም። የሄሮን ዘንግ የሚያውቀው ግን ክብደትን ብቻ ነው። የሳንቲሙን ያህል የሚመዝን ጠጠር ቢጣልበት ውሃውን ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው መቀበያ ሁሉ በዚህ ጠጠር ላይ የተነሳ ነው ማለት ይቻላል።

ከሄሮን በኋላ ሐሳቡ ለብዙ መቶ ዓመታት ብዙም አልተራመደም። በሰፊው የተመለሰው በኢንዱስትሪ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ፐርሲቫል ኤቨሪት የተባለ እንግሊዛዊ ለንደን ውስጥ ፖስት ካርድ የሚሸጥ ማሽን አቆመ። በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ፔኒ የሚበላ የጋዝ ቆጣሪ ብቅ አለ፤ የወር ሒሳብ በአንድ ጊዜ መክፈል የማይችለው የእንግሊዝ ሠራተኛ ፔኒውን እየጣለ ጋዙን በቁንጥር መግዛት ቻለ። የልብስ ማጠቢያው ዘግይቶ መጣ። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ፎርት ወርዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1934 ጄ. ኤፍ. ካንትሬል የተባለ ሰው አራት የኤሌክትሪክ ማጠቢያ ገዝቶ በሰዓት ማከራየት ጀመረ። ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ነበር። ሳንቲሙ ራሱ ማሽኑን የሚያስነሳባቸው ቤቶች የተስፋፉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ የተከራየ ኢትዮጵያዊ እነዚህን ማሽኖች ከምድር ቤቱ ያውቃቸዋል፤ ኳርተር ማጠራቀምንም ቶሎ ይለምዳል። በአሮጌው ዓይነት ማሽን ላይ ወደ ውስጥ የሚገፋ የብረት መሳቢያ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሳንቲም ልክ የተቆረጠ ማስቀመጫ ተደርድሮበታል። ሁሉም ካልሞላ መሳቢያው አይገባም። የአሜሪካ ኳርተር ስፋቱ 24.26 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 5.67 ግራም ነው፤ ከእሱ ጠበብ ያለው ከቦታው ይወድቃል፣ ሰፋ ያለው አይገባም። መብራት አይፈልግ፣ ፕሮግራም አይፈልግ። ዛሬም ድረስ የሚሠሩት ብዙ ናቸው። ይሄ መሳቢያ የሚያየው ስፋትና ውፍረት ብቻ ስለሆነ በልኩ የተቆረጠ ሮንዴላም ኳርተር መስሎ ይገባለታል።

ቀጥሎ የመጣው ዓይነት ሮንዴላውን በማግኔት ያዘው። ሳንቲሙ በተዳፋት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል በጠንካራ ማግኔት አጠገብ ያልፋል። ተራ ብረት ከሆነ ማግኔቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። መዳብ ወይም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ከሆነ አይለጠፍም፤ ነገር ግን በማግኔቱ ሥር ሲያልፍ በውስጡ የኤሌክትሪክ ዙረት ይፈጠርበትና ያ ዙረት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የመጎተቱ ልክ እንደ ብረቱ ዓይነት ይለያያል። ስለዚህ ከሐዲዱ ጫፍ ሲወጣ ትክክለኛው ሳንቲም ዘሎ የሚያርፍበት ቦታ የታወቀ ነው። እርሳስ የሆነው በሌላ ፍጥነት ስለሚወጣ ቦታውን ይስታል፣ ወደ መመለሻውም ይወድቃል። አንድም ሽቦ ሳይኖር የብረትን ዓይነት መለየት! እኔ ከዚህ ሁሉ ዕቃ የምወደው ይሄንን ነው።

ዛሬ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ሦስተኛው፣ ኤሌክትሮኒክሱ ነው። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ በጎኑ አንድ ናሙና ሳንቲም ይያዝለታል፤ የሚጣለው ሳንቲም በሽቦ ጥቅል መሃል ሲያልፍ የሚፈጥረውን ለውጥ ከናሙናው ጋር ያስተያያል፤ ከተመሳሰለ ይቀበላል። ሌላው ናሙና አይያዝም፣ ያስታውሳል። ሲገጠም አሥራ አምስት ሃያ ሳንቲም ተራ በተራ ይጣልበትና የእያንዳንዱን ምላሽ መዝግቦ «ይሄ ሳንቲም ከዚህ እስከዚህ ነው» የሚል ወሰን ለራሱ ያበጃል። ወሰኑን ማጥበብና ማስፋት የገጣሚው ድርሻ ነው። በጣም ከጠበበ የደከመ ሳንቲም ይመልሳል፤ ከሰፋ ሮንዴላም ይገባል።

የጎጃም ነጋዴ ይህን ሥራ በጣቱና በዓይኑ ይሠራው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ የጁቤ ላይ ይቆም የነበረው የባሶ ገበያ ከአገሪቱ ስመ ጥር ገበያዎች አንዱ ነበር፤ ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣው ወርቅና ቡና ከሰሜን ከወረደው አሞሌ ጨው ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። ትልቁ ገንዘብ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር፤ 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከሺህ 833 እጁ ጥሩ ብር የሆነ፣ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ሲመታ የኖረ። ተቀባዩ እያገላበጠ ያየዋል። በጸጉሯ ጌጥ ላይ ያሉት እንክብሎች ይቆጠራሉ፤ የትከሻዋ ጌጥ ፈርጥ ጥርት ብሎ መታየት አለበት፤ ከሥሯ ያሉት ሁለት ፊደላት መነበብ አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ብሩ ጥሩ ብር ቢሆንም ይመለሳል። የዳግማዊ ምኒልክ ብር በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ተመትቶ ሲመጣ ባላገሩ በቶሎ ያልተቀበለው የብሩ ይዘት አንሶ አልነበረም። የለመደው ወሰን ውስጥ ስላልገባ ነው።

ጣት ሲሳሳት መንግሥት ሳንቲሙን እስከ መቁረጥ ደርሷል። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ ሃምሳ ሳንቲሙ ብር፣ ሃያ አምስት ሳንቲሙ መዳብ ነበረ፤ በስፋት ግን ተቀራራቢ ነበሩ። ብልጦች ስሙኒውን ብር እየለበጡ ሽልንግ አድርገው ማሳለፍ ጀመሩ። የተገኘው መፍትሔ የስሙኒውን ዙሪያ እንደ አበባ ቅጠል መከርከም ነበር። ያ ጠርዙ የተከረከመ ስሙኒ ዛሬም በየቤቱ ካሉ አሮጌ ሳንቲሞች መካከል ይገኛል፤ ጨለማ ውስጥም በጣት ይታወቃል።

ዛሬ መቀበያውን የሚያደናግረው በተቃራኒው መመሳሰል ነው። የአንበሳ ራስ ያለባቸው ሳንቲሞቻችን መመታት የጀመሩት በ1969 ዓ.ም. ነው። ቀደም ያሉት በብዛት ከመዳብ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የወጡት ግን መልካቸው ያው ሆኖ ውስጣቸው ብረት፣ ላያቸው ልባጥ ሆነ። ለእጅ ልዩነት የላቸውም፤ ባለ ሱቁ ሁለቱን አንድ መሳቢያ ውስጥ ይጥላቸዋል። ማግኔት ያስጠጋ ሰው ግን አንዱ ሲሳብ ሌላው ዝም ሲል ያያል። ለመቀበያው እነዚህ ሁለት የማይተዋወቁ ሳንቲሞች ናቸው። በአዲሶቹ ብቻ ያስተማሩት መቀበያ አሮጌውን እየተፋ የሰው መሳቂያ ያደርጋል። ሁለቱን ቀላቅሎ እንደ አንድ ማስተማርም አይበጅም፤ ወሰኑ በሁለቱ መካከል ያለውን ሁሉ ይውጥና በር ክፍት ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ እንደ ሁለት የተለያየ ሳንቲም አስተምሮ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዋጋ መስጠት ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ባለ ሁለት ቀለሙ የአንድ ብር ሳንቲም በዚህ በኩል ይሻላል፤ መሃሉና ቀለበቱ የተለያየ ብረት ስለሆነ ምላሹ ከሌሎቹ ጋር አይምታታም።

ግን አንድ ብር ስንት ያጥባል?

እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ከአገራችን ሳንቲሞች ትልቁ አንድ ብር ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ወረቀት ነው። አከራይዋ ውሃውን፣ መብራቱንና የማሽኑን ጥገና አስበው አንድ እጥበት 60 ብር ቢሉ፣ ነርሷ ስልሳ ሳንቲም ቆጥራ አንድ በአንድ ልትጥል ነው። በቀን ስምንት ሰው ቢያጥብ ሳጥኑ ውስጥ 480 ሳንቲም ይገባል፤ ማታ ማን ይቆጥረዋል? ሳንቲሙስ ከየት ይመጣል? የታክሲ ረዳት «ዝርዝር የለም» በሚልበት፣ ባለ ሱቁ የመልስ ፈንታ ማስቲካ በሚሰጥበት አገር ስልሳ ነጠላ ብር መሰብሰብ ራሱ ሥራ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳንቲም ደርድረው ለመጽዋቹ የሚዘረዝሩት ሰዎች ከአንድ ብር ላይ አምስት አሥር ሳንቲም የሚያስቀሩት በከንቱ አልነበረም፤ ዝርዝር ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ስለነበረ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አዲስ አበባ የመንገድ ስልክ ሳንቲም እየበላ ሲያገለግል አንድ ጥሪ የሚፈልገው ከጥቂት ሳንቲም አይበልጥም ነበር። የሚሸጠውና ሳንቲሙ ተመጣጥነው ነበር። ዛሬ ተራርቀዋል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፤ በአማኑኤል ግቢ የሚገጠም መቀበያ የመንግሥትን ሳንቲም መቀበል የለበትም። ለማሽኑ ብቻ የተሠራ፣ አንዱ አንድ እጥበት የሆነ ቶክን ይቀበል። ቶክኑ ከመቀበያው ጋር አብሮ ይሸጣል፤ ክብ ብረት ነው፣ ለሌላ ነገር አይረባም። አከራይዋ ወይም በሩ ላይ ያለው ሱቅ በጥሬ ብር ወይም በስልክ ይሸጠዋል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ስላለ ነርሷ ከሥራ ቦታዋ ሆና የአምስት ቶክን ልካ ማታ መውሰድ ትችላለች። ማሽኑን በቀጥታ ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ዕቃም አለ፤ ነገር ግን ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት ገንዘቡ ሄዶ ማሽኑ የማይነሳበት ጭቅጭቅ ያመጣል። ቶክን በኪስ ካለ ኔትወርክ አይጠይቅም።

ሌላም ጥቅም አለው። ብሪታንያ ውስጥ የጋዝ ዋጋ ሲለወጥ ሠራተኛ በየቤቱ እየዞረ ፔኒ የሚበላውን ቆጣሪ አንድ በአንድ ማስተካከል ነበረበት፤ ዋጋው የተቀመጠው ማሽኑ ውስጥ ስለነበረ ነው። በቶክን ዋጋው ያለው ሱቁ ላይ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ሲገለባበጥ አይተናል። የማሽኑ ቀበቶ የተወደደ ቀን አከራይዋ የቶክኑን ዋጋ ይለውጣሉ፤ ማሽኑን የሚከፍት ባለሙያ አይጠሩም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። አንዱ ቶክን የሚገዛው ጊዜን ነው ወይስ አንድ ሙሉ እጥበትን? ከመቀበያው ጋር አብሮ የሚሸጠው ርካሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜን ነው የሚሸጠው፤ ለአንድ ቶክን አርባ ደቂቃ ትለዋለህ፣ አርባ ደቂቃ መብራት ይለቃል፣ ከዚያ ይቆርጣል። ለልብስ ማድረቂያ ይሄ ልክ ነው፤ ልብሱ ካልደረቀ ሌላ ይጨመራል፣ ማድረቂያው በየትኛውም ደቂቃ ቢቆም ጉዳት የለውም። ማጠቢያ ግን መሃል ላይ ሲቆም ሆዱ ውሃ፣ ልብሱ ሳሙና፣ በሩ የተቆለፈ ሆኖ ነው የሚቀረው።

በአማኑኤል ደግሞ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛው መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰሌዳው የቀረውን ደቂቃ ካላስታወሰ ቶክኑ ተበላ ማለት ነው። ማጠቢያውም ካቆመበት የሚቀጥል ዓይነት መሆን አለበት፤ አንዳንዱ ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ከመጀመሪያው ይነሳል፣ አንዳንዱ ቁልፍ እስኪነኩት ዝም ብሎ ይጠብቃል። ይሄንን ከመግዛት በፊት ሶኬቱን እጥበት መሃል ነቅሎ መልሶ በመሰካት መፈተን ይቻላል፤ ሻጩ ደስ ባይለውም። ሁለተኛው ውሃ ነው፤ ይሄኛው ይበልጥ ሰውን ይሸውዳል። ማጠቢያው ውሃ እስኪሞላ ይጠብቃል። ቧንቧው በደህናው ቀን በአምስት ደቂቃ የሚሞላውን፣ ግፊቱ በወረደ ቀን ግማሽ ሰዓት ሊወስድበት ይችላል። ጊዜ የሚሸጠው ሰሌዳ ግን ደቂቃውን መቁጠር አያቆምም። ተከራዩ የከፈለው ለእጥበት ሆኖ ሳለ የገዛው ቧንቧ እያንጠባጠበ የመጠበቅ መብት ሆነ።

ለንግድ ተብሎ የተሠራ ማጠቢያ ይሄን ችግር ከፋብሪካው ፈትቶ ነው የሚመጣው። የመቀበያው ምልክት ወደ ማሽኑ አእምሮ ይገባል፤ አእምሮው «አንድ እጥበት ተከፍሏል» ብሎ ይመዘግብና እስኪጨርስ ይሠራል፣ ስንትም ይፍጅ። የቤት ማጠቢያ ግን እንዲህ ዓይነት መግቢያ የለውም። ለእሱ የሚሻለው ዘዴ ቶክን ሲገባ መብራቱን ለቅቆ፣ ማሽኑ የሚስበውን የኤሌክትሪክ መጠን እየለኩ፣ ሥራው ሲያበቃ መቁረጥ ነው። እጥበቱን የጨረሰ ማሽን ከጥቂት ዋት በላይ አይስብም። ወጥመዱ ግን ውሃ የሚጠብቅ ማሽንም ከጥቂት ዋት በላይ አለመሳቡ ነው! ከሩቅ ሲታዩ ጨራሹና ጠባቂው አንድ ናቸው። ስለዚህ ሰሌዳው ዝምታውን ቶሎ ማመን የለበትም፤ ረዘም ያለ ጊዜ፣ ቧንቧው በጣም በደከመበት ቀን ከሚወስደው በላይ ይጠብቅ። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ኤሌክትሮኒክስ አይደለም፤ ከፍ ባለ ማቆሚያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ነው። ማታ ውሃ ሲመጣ ይሞላል፣ ቀን ማሽኑ ከእሱ ይጠጣል። መቀበያ ለመግጠም ገንዘብ ያላቸውና ሮቶ የሌላቸው አከራይ ቢያማክሩኝ መጀመሪያ ሮቶውን ይግዙ እላለሁ።

ሽቦው ራሱ ከዚህ ሁሉ ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። መቀበያው የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። ስለዚህ የራሱ ትንሽ ትራንስፎርመር ይኖረዋል። ቶክን ሲቀበል በምልክት ሽቦው ላይ አጭር ምት ይልካል፤ ሰሌዳው ምቱን ተቀብሎ ሪሌ ይዘጋል፤ የማጠቢያው 220 ቮልት የሚያልፈው በዚያ ሪሌ ነው። ውሃ የሚያሞቅ ማጠቢያ 2,000 ዋት ያህል ይስባል፤ ያ ወደ 9 አምፔር ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ትንሽዬ ሪሌ «10 አምፔር» ተብሎ ቢጻፍበትም በየቀኑ በዚህ ልክ ቢሠራ ምላሱ ይቃጠላል ወይም ተጣብቆ ይቀራል፤ ተጣብቆ ከቀረ ደግሞ ማሽኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁሉም ነፃ ነው። ትንሹ ሪሌ ትልቅ ኮንታክተር እንዲያስነሳ፣ ሸክሙን ኮንታክተሩ እንዲሸከም ማድረግ ይበጃል። የኧርዝ መስመር ግድ ነው፤ እርጥብ እጅ፣ እርጥብ ወለልና የብረት ሳጥን በአንድ ላይ ተገናኝተዋል። በብዙ የኪራይ ግቢ ሶኬቱ የኧርዝ ቀዳዳ ቢኖረውም ከኋላው ሽቦ የለም። በመለኪያ ሳይፈተሽ አይታመን።

መቀበያው ቀጥ ብሎ ይቆም፤ ትንሽ ያዘነበለ እንደሆነ ሳንቲሙ የሚንከባለልበት ፍጥነት ይለወጥና የተማረውን ይስታል። ከሳሙናው ማስቀመጫም ይራቅ። ኦሞ ብናኙ በሐዲዱ ላይ ይቀመጣል፣ የክረምቱ እርጥበት ሲያገኘው ሙጫ ይሆናል፣ ሳንቲሙን እግሩን ይይዘዋል። በቾቄ ተራራ አካባቢ ክረምት ምን ያህል እርጥብ እንደሆነ ለጎጃሜ አይነገርም። በወር አንዴ ከፍቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው፤ ዘይት አይቀባም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይሄ ሁሉ ካለ ሳንቲም የሚበላ ማሽን ለምን በአገራችን አልተስፋፋም? ዕውቀት ጠፍቶ አይመስለኝም። ጆተኒ ቤት የሄደ ልጅ ሁሉ ሒሳቡን የሚሰበስበው ሌላ ልጅ መሆኑን ያውቃል። ሰው ማቆም ማሽን ከመግጠም ረክሶ ስለኖረ ነው። አዲስ አበባ ላውንደሪ የምንለውም ልብሱን አስረክበን፣ ደረሰኝ ይዘን የምንሄድበት፣ ሠራተኛ ያለበት ቤት ነው። በየግቢው እየዞሩ የሚያጥቡ ሴቶችም አሉ፤ የማሽኑ መምጣት እነሱን የሚነካ ይመስላል። ቶክን ግን ለማንም ይሸጣል። አጣቢዋ ሦስት ቶክን ገዝታ የሦስት ደንበኛ ልብስ ብታስገባ፣ የምትሸጠው ማስጣቱን፣ ማጠፉንና መተኮሱን ይሆናል፤ ጉልበቷን የሚጨርሰው ፍተጋው ለማሽኑ ይቀራል።

ወደ ሳጥኑ እንመለስ። ሳጥኑ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉን የሚይዝ ሰው ደግሞ ይታማል። በቶክን ሲሆን ሐሜቱ ይቀንሳል፤ ከሳጥኑ የሚወጣው ብረት ሱቅ ተመልሶ የሚሸጥ እንጂ ገንዘብ አይደለም። ያም ሆኖ ከሰሌዳው ጋር ወደ ዜሮ የማይመለስ ቁጥር ማሳያ ማሰር ብልህነት ነው፤ ዋጋው ጥቂት ነው፣ እያንዳንዱን ምት ይቆጥራል። በየወሩ ሁለት ቁጥር ይተያያል፤ ማሳያው የቆጠረውና ሳጥኑ ውስጥ የተገኘው። ሁለቱ ካልገጠሙ የልዩነቱ አቅጣጫ መንስኤውን ይጠቁማል። ማሳያው ከሳጥኑ ከበለጠ ሁለት ዕድል አለ። አንደኛው በክር የታሰረ ቶክን ነው፤ አንዱን ብረት እየጣሉ እየጎተቱ ሦስት አራት ጊዜ ማስቆጠር። ደህና መቀበያ ወደ ኋላ የሚጎተተውን የሚይዝ ጥርስ አለው፤ የሌለው መለወጥ አለበት። ሁለተኛው ሌባ የሌለበት ነው። የማጠቢያው ሞተር ሲነሳና ሲቆም በአቅራቢያው ባለው ሽቦ ላይ ግርግር ይፈጥራል፤ የምልክት ሽቦው ከ220ው ጋር በአንድ ቱቦ ተጠቅልሎ ከሄደ ሰሌዳው ያንን ግርግር ቶክን አድርጎ ይቆጥረዋል። ሽቦዎቹን ማራራቅ፣ የምቱንም ርዝመት ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ማዞር ይበቃል፤ መቀበያዎቹ ላይ ለዚሁ የተሠራች ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች፣ እስከ 100 ሚሊ ሰከንድ ታደርሳለች። ሳጥኑ ከማሳያው ከበለጠ ደግሞ ቶክን ገብቶ ምቱ አልደረሰም ማለት ነው፤ አንድ ተከራይ ከፍሎ ሳያጥብ ቀርቷል። የላላ የሽቦ ጫፍ ይፈለግ፤ ሰሌዳው ጋ፣ ቀጥሎ መቀበያው ጀርባ ያለው መሰኪያ ላይ። ልዩነቱ ስንት ቶክን እንደሆነ ታይቶ ለከሰረው ተከራይ ከዚያው ሳጥን ይመለስለታል።